አይብና በርበሬ በሮም

ሮም እንደገባን ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ኮሎሲየም አይደለም። «ፓስታ የት ነው የምንበላው?» ነው ያለችኝ። አልፈረድኩባትም። የካዛንቺስ ልጆች ነን፤ በዳቦም በእንጀራም እየጠቀለልን ፓስታ በልተን ነው ያደግነው። የሰፈራችን ስም ራሱ የመጣው ከዚያው ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በምሕጻር ኢንቺስ ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በ1933 እነሱ ሲወጡ ስሙም፣ ፉርኖውም፣ ስጎውም፣ ማኪያቶውም እኛ ዘንድ ቀረ። እና ሮም ስንሄድ አገር ለመጎብኘት ሳይሆን፣ ዕቃውን አደራ ትቶብን የጠፋ ጎረቤት ለመጠየቅ የሄድን ያህል ነው የተሰማን።

ያረፍነው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ በ1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ይህን ስነግራት ባለቤቴ ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በል ከየት እንደመጣን እንዳትናገር፤ ምግባችን ላይ አንድ ነገር ያደርጉብናል» አለች። ዛሬ ሳስበው ሳይሰሙን አልቀሩም።

የገባንበት ቤት ጠረጴዛዎቹ ቀይና ነጭ ዳማ የለበሱ ናቸው። አንድ ጠይም ቀጭን ወጣት ሜኑ ሰጠን፤ ሳንጠይቀውም ዳቦ በቅርጫት አመጣ። «አየህ እንግዳ አክባሪነት!» አለች ባለቤቴ። ሜኑው በጣሊያንኛ ብቻ ነው። ስልኬን አውጥቼ «ካቾ ኤ ፔፔ» የሚለውን ባስተረጉመው «አይብና በርበሬ» አለኝ። አይብና በርበሬ! የክትፎ ቤቶቻችን ጠረን እዚያው አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ ሁለት ጊዜ ሳላስብ አዘዝኩ። ባለቤቴ ሜኑም አላስፈለጋትም። «ስጎ» አለችው።

«ሱጎ! ሲ፣ ሲ!»

«ቋንቋውን እችላለሁ ማለት ነው» ብላ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ሰቀለች።

ምግቡ መጣ። የእኔ አይብ ቀጥኖ እንደ ሙቅ ፓስታው ላይ ተለጥፏል። በርበሬው ለካ ቁንዶ በርበሬ ኖሯል። ቀላ ያለ ነገር ባገኝ ብዬ ሹካዬን እስከ ሰሃኑ ወለል ድረስ ላክሁት፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። የእሷ ስጎ ደግሞ ሊፕስቲክ ይመስል ነካ ነካ ተደርጎበታል፤ ሥጋ የለ፣ ቃሪያ የለ። ጠቅልላ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ቆም አለች።

«ይሄ ነገር አልበሰለም።»

እኔም ስቀምሰው እውነቷን ነው፤ መሐሉ ቀጭ ይላል። ወጣቱን ብንጠራው ፈገግ ብሎ «አል ዴንቴ» አለን። ስልኬን ብጠይቀው «ለጥርስ» ማለት ነው አለ።

«ይሄ ለጥርስ ከሆነ» አለች ባለቤቴ፣ «የሆዳችንን መቼ ነው የሚያመጣው?»

እርግጥ እነሱ የሚወዱት እንዲህ ነው፤ ፓስታ ልቡ ጠንከር ማለት አለበት ባዮች ናቸው። የሰፈራችን ፓስታ ቤት ግን ልብ የሚባል ነገር አያስቀርለትም ነበር። ባለቤትየዋ ፓስታውን ጥዳ ቡናዋን አንደኛ ጠጥታ ነው የምታወርደው። ሽንኩርቱ እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት ቀልጦ፣ ድልሁ ጣል ተደርጎበት፣ ዘይቱ በሰሃኑ ዳር ዳር ብርቱካንማ ቀለበት ሠርቶ ይቀርባል፤ ከጎኑ ሁለት ቁራጭ ዳቦና አንድ ቃሪያ።

ባለቤቴ ድንገት ግንባሯን ያዘች። «ሚጥሚጣው!» አለች፤ «ሻንጣ ውስጥ ቀረ።» መርዶ የሰማች ነው የምትመስለው። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞራ፣ አፏን ከፍታ በእጇ እያራገበች የሚያቃጥል ነገር እንደምትፈልግ ታስረዳው ጀመር። ጣሊያን ቢሆን ሐኪም ይጠራ ነበር። ልጁ ግን ወዲያው ገባው። ወደ ማእድ ቤት ሄዶ መዳፉን ጨብጦ ተመለሰና ናፕኪን ላይ ሦስት ቀጫጭን ቃሪያ አስቀመጠልን።

«ከራሴ ምሳ ነው» አለ በእንግሊዝኛ፤ «የዳካ ልጅ ነኝ።»

ስለ ካዜ ኢንቺስ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ቃሪያው ግን እሳት ነው! ሮም ውስጥ የበላነው ደህና ነገር ባንግላዴሽ ሆነ።

መዝጊያው ላይ «ነጣ ያለ ማኪያቶ» አዝዤ በአውራ ጣት የሚለካ ሲኒ ውስጥ አንዲት ጠብታ ወተት ያየ ጥቁር ቡና መጣልኝ። ሒሳቡ ሲመጣ አንዱ ሰሃን ፓስታ 14 ዩሮ ነው፤ ባለቤቴ በጣቷ ቆጥራ «ሁለት ሺህ ብር ገደማ» አለች። ከሥሩ ደግሞ «ፓኔ» የሚል ተጽፎ 4 ዩሮ ተደምሯል። ያ እንግዳ አክባሪው ዳቦ ነው።

የሰፈራችን ፓስታ ቤት በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ተነሥቷል። ባለቤትየዋ ገላን ጉራ ገብታ እዚያው ሥራ እንደጀመረች ብንሰማም «ማን ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳል?» ብለን ትተነው ነበር። ለአንድ ሰሃን ፓስታ ሮም ደርሶ የመጣ ሰው ግን ምን አፍ አለው? በተመለስን በመጀመሪያው እሁድ ለባብሰን ተነሣን። በሩን ልቆልፍ ስል ባለቤቴ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ፓስፖርቱን ይዘሃል?»