«ፎርማት እናድርገው»

በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ ዕድሜው አይጠየቅም። የኔው ሲደርሰኝ ጠርዙ ተላልጧል፣ ከፊደሎቹም አንዷ ወልቃለች፤ የአጎቴ ልጅ ግን «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መርቆ ሰጠኝ። እውነቱን ነው፤ ለዓመታት አገለገለኝ።

አንድ ቀን ግን ስከፍተው በጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» ብሎ ጠበቀኝ። የሚነሳበት ዲስክ አጣ ማለት ነው። ፎቶው ይቅር፣ የዕድሩ ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነው! እኔ ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ። «ዲስኩ አልታይ አለ» ብዬ ለአባላት ሳስረዳ፣ «ብሩስ ይታያል?» የሚለኝ ሰው ማን እንደሆነ ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

ድሮ ሀርድ ዲስክ እንዲህ በዋዛ አይሰወርም ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው፣ 50 ሳህን የተደረደረበት፣ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ጉድ ነው። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ቢሆንም፣ ኮምፒውተሩ «የለም» ቢል እንኳ ባለቤቱ ዞር ብሎ ያየዋል።

በኛ ሰፈር ለላፕቶፕ መድኃኒቱ አንድ ነው። ከቀረፈፈ ፎርማት፣ ከጋለ ፎርማት፣ ድምፁ ከጠፋ ፎርማት። ጥገና ቤት ያለው ልጅም ካቻቢቴውን እንኳ ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ ፎርማት እናድርገው» አለኝ።

«ዲስኩ የለም እያለ ምኑን ነው ፎርማት የምታደርገው?»

ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው አዲስ ይገዛላ!»

«የዕድሩ ሒሳብስ?»

«ዕድር በደብተር አይደል እንዴ፣ ጋሼ?»

ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ።

የደረሰችልኝ ኤሌክትሪካል የምትማረው የጎረቤቴ ልጅ ናት። ስታበራው ኤፍ 2ን ደጋግማ ተጫነችና ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ላፕቶፑ ዕቃዎቹን የሚያይበት ገጽ ውስጥ ገባች። (በአንዳንዱ ላፕቶፕ ኤፍ 10 ነው፣ በሌላው ዲሊት።) «የዲስኩ ስም እዚህ ቢኖር ዊንዶውስን እንጠረጥር ነበር፤ እዚህም ከሌለ ግን ነገሩ ሶኬት፣ ኬብል ወይም ራሱ ዲስኩ ነው» አለችኝ። ስሙ አልነበረም። አጠፋችው፣ ቻርጀሩን ነቀለች፣ ባትሪውን አወጣች፣ ከዚያ ብሎኖቹን ፈታች።

ዲስኩን ስታወጣው ጫፉ ላይ ሁለት ምላስ አለው፤ ሰፊው 15 መስመር ያለው የኃይል፣ ጠባቡ 7 መስመር ያለው የዳታ። በዩኤስቢ አዳፕተር ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችውና ጆሮዋን አስጠጋች። «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ቢደጋግም ኖሮ ወዲያው ልትነቅለው ነበር፤ እንደዚያ የሚል ዲስክ በበራ ቁጥር ይብስበታል። የኔው ግን ሽው ብሎ ዞረ፤ ፎልደሮቹም ተዘረገፉ። ዕድሩ በሰላም አለ! ሌላ ነገር ሳትነካ ሁሉንም ገለበጠችልኝ።

ጥፋተኛው ዲስኩን ከቦርዱ የሚያገናኘው ስስ ፍላት ኬብል ሆኖ ተገኘ፤ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነጭ ስንጥቅ ይታያል። ከሞተ ላፕቶፕ የተነቀለ ተመሳሳይ ኬብል ፈልጋ ገጠመችለት፤ የዲስኩ ስም ባዮስ ውስጥ ተመልሶ ቁጭ አለ።

እናንተም «ፎርማት እናድርገው» የሚል ሰው ከገጠማችሁ መጀመሪያ «ባዮስ ላይ ይታያል?» ብላችሁ ጠይቁት። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ ሒሳብ ሳይጠይቃችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።