የሟች ውሰት አጭር የሕይወት ታሪክ

ሟች ውሰት የተወለደበትን ዘመን የሚያውቅ የለም። ቤተሰቡ ግን ሰፊ ነበር፤ ወንፊት፣ ሰፌድ፣ ምጣድ፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ መጥረቢያና ዶማ ሁሉም እሱ እጅ ላይ ያደጉ ናቸው። ዕድሜው አንቱታ የሚያሰጠው ቢሆንም ድሬዳዋ ላይ ይህ ነገር እምብዛም ስላልተለመደ እዚህም «እሱ» እየተባለ ይሸኛል።

ቤተ ዘመዶቹ የትውልድ ቀዬው ዋሂል ነው ይላሉ። ዋሂል ከብዮ አዋሌ፣ ከአሰሊሶና ከጀልዴሳ ጋር ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው፤ ዝናብ የሚሰስትበት፣ ማሽላ የሚበቅልበት አገር። ውሃ ከሩቅ በጀሪካን በሚመጣበት ቦታ አህያ የሌለው ቤት አህያ ካለው ጎረቤት ጋር ተኳርፎ መክረም አይችልም። የሟች የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጉዛ፣ በሰሜኑ አገር ደቦና ወንፈል ከሚባሉት ጋር ሥጋ ዘመድ ነው፤ ጉዛ ጉልበት ያዋሳል፣ ሟች ደግሞ ዕቃ።

በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲገባ ሟችም ከተሜ ሆነ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ አረቡና ግሪኩ በአንድ ከተማ ሲከማቹ፣ የጎረቤቱን ቋንቋ ገና ያላወቀ ሁሉ ወንፊት በእጁ እያመለከተ ይዋስ ነበር። የሥጋ ድስትና ቢላ ላይ ሲደርስ ብቻ ሟች በጨዋ ደንብ ዘወር ይል ነበር፤ የክርስቲያኑና የእስላሙ ማዕድ እዚያ ላይ ይለያያልና።

የሥራ ጠባዩ እንዲህ ነበር። ልጅ ይላካል። ልጁ በር ላይ ቆሞ «እማዬ ሙቀጫ አውሺኝ ብላለች» ይላል። ባለቤቲቱ «ስታበቁ ቶሎ መልሱ» ብላ ታሸክመዋለች፤ «ቶሎ» ማለት ከሦስተኛው ቡና እስከ ነገ ወዲያ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ሲመለስ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ሰፌዱ ላይ እፍኝ ቆሎ፣ ሳህኑ ውስጥ ከተሠራው ቅምሻ ይደረጋል። ከቆሎው ጋር የሰፈሩ ወሬም አብሮ ይመጣል፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ከጅቡቲ እንደተመለሰ። ሟች ደመወዝ ያልተከፈለው ጋዜጠኛ ነበር ቢባል ግነት የለውም።

ነውር አልነበረበትም ማለት ግን ለሬሳም አይመችም። መጥረቢያ ወስዶ እጀታውን ሰብሮ መልሷል። መሰላል ከአንዱ ተውሶ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ሲያስተላልፍ ባለቤቱ የራሱን ንብረት ሊለምን ሰፈር ለሰፈር ዞሯል። ሕጉ እንኳ ያውቀው ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2767 ጀምሮ ስለ እሱ ይደነግጋል። ያለ ዋጋ ይሰጣል፣ ከተገለገሉበት በኋላ ለባለቤቱ ይመለሳል ይላል። ስለ ቆሎው ግን ሕጉ ዝም ብሏል።

ሕመሙ የጀመረው ከእሳት ነው። ፍም በገል መጫር የሟች የማለዳ ሥራ ነበር፤ ክብሪት ቀማው። ሙቀጫውን የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ተካው። ቀፊራና ታይዋን ገበያ ላይ ርካሽ ፕላስቲክና ብረት ሲቆለል፣ ሰው ጎረቤቱን ከመጠየቅ መግዛት ቀለለው። ሰው ስለከፋ አይደለም ሟች የሞተው፤ ዕቃ ስለረከሰ ነው። የመጨረሻውን ምት ያሳረፈው ደግሞ ወንበር፣ ድንኳንና ሳህን በቀን ሒሳብ የሚያከራይ የድግስ ዕቃ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለማረጃና ለማብሰያ የሚሆን የጋራ ቤት አብሮ ታስቦ ነበር፤ ሟች ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ሲጠይቅ እንደደከመ ይነገራል።

ባሕር ማዶ ግን ስሙን ቀይሮ ተከብሯል። በአሜሪካዋ በርክሌይ ከተማ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዶሻና መጋዝ በመታወቂያ ያውሳል። ዋሂል ያለ መታወቂያ፣ በልጅ አፍ ብቻ ያደረገውን ነገር እነሱ መደርደሪያና መዝገብ ሠርተውለታል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ወሬው ተለወጠ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ የውጭ ዕቃ ሲወደድ፣ የሟች ገዳይ ራሱ ታመመ። የተበላሸ ምጣድ በአዲስ የሚለውጠው ሰው አነሰ። ሳቢያን አካባቢ አንዲት እናት አመሻሽ ላይ በጎረቤት ምጣድ ሲጋግሩ ታይተዋል የሚል ሐሜት አለ።

ቀብሩ ግን ቀኑ ተቆርጧል። የአፎሻው፣ ማለት የዕድሩ፣ ድንኳን ለሌላ ለቅሶ ስለወጣ ኮሚቴው ወንበርና ድንኳን ተከራይቷል። ንባቡ እዚህ ላይ ሲደርስ ከዋሂል የመጡ ዘመዶች ተነሥተው ተቃወሙ፤ ሟችን ትናንት ማለዳ የሰው አህያ እየነዳ ውሃ ሲወርድ አይተነዋል፣ ሰላምታም ሰጥቶናል አሉ። ኮሚቴው ጥቂት ተማክሮ መልስ ሰጠ፦ የወንበሩ የሦስት ቀን ኪራይ በቅድሚያ ስለተከፈለ ለቅሶው መቅረት አይችልም።