ያልታወቀችውን የድምፅ መለወጫ ለማሳወቅ የወጣ የሳሎን አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! አዋጅ! ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የማይሰማ የእግዜር ጠላት፣ የእመቤታችን ጠላት!

(ነጋሪቱ በጣት ጫፍ ብቻ የተጎሰመው ከምሽቱ 4 ሰዓት ስላለፈና ከታች ያሉት ወይዘሮ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መምታት ስለጀመሩ ነው።)

ከፍራንክፈርት አም ማይን፣ ከጋሉስ ሰፈር፣ ሊፍት ከሌለው ሕንጻ 4ኛ ፎቅ፣ ከሳሎኑ መንግሥት የተሰጠ።

ፍራንክፈርት ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በሽቦ መጓዝ እንደሚችል ለሊቃውንት የታየባት ከተማ በመሆኗ፤ በአቅራቢያዋ ባለችው በፍሪድሪክስዶርፍ ያስተምር የነበረው የ27 ዓመቱ ፊሊፕ ራይስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1861 በከተማዋ የፊዚክስ ማኅበር ፊት ቆሞ መሣሪያውን ስላሳየ፤ ሲፈተንም አድማጩ ነገሩን በግምት እንዳይደርስበት «ፈረስ የኪያር ሰላጣ አይበላም» የሚል ቃል ተነገረበት ተብሎ ስለሚተረክ፤ ሐውልቱም እስከ ዛሬ በኤሸንሃይመር አንላገ መናፈሻ ቆሞ ስለሚገኝ፤

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ከ160 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ አንድ ላፕቶፕ መዳፍ የማትሞላ የድምፅ መለወጫ «አላውቃትም» ብሎ የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ በማስቀረቱ፤ ዶሮው ቀርቦ ሙዚቃው ባለመቅረቡም የሳሎኑ ክብር በመነካቱ፤

በምኒልክ ዘመን ስልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ «ሰይጣን ነው» ያሉ ካህናት ነበሩ ሲባል የሚስቁ እንግዶቻችን፣ ራሳቸው ስለ መለወጫዋ ከዚያ የባሰ ነገር ሲናገሩ በመሰማታቸው፤

የሳሎኑ ሕገ መንግሥት ገና ስላልተጻፈ፣ መንግሥቱ በልማድ በያዘው ሥልጣን የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመለወጫዋ አዋጅ ቁጥር 1» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሳያነብ የሚጠቅስ ሰሃን ያጥባል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «መለወጫ» ማለት በላፕቶፑ ውስጥ በቁጥር የተቀመጠውን ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የምትመልስ፣ በዩኤስቢ የምትሰካ፣ ወጣቶቹ «ዳክ» የሚሏት ሣጥን ናት። ላፕቶፑ በሆዱ ታናሽ እህቷን ይዞ ሳለ እሷ ከውጭ በዩሮ ተገዝታለች። የሲዲ ሙዚቃ ለእያንዳንዱ ጆሮ በሰከንድ 44,100 ቁጥር ስለሆነ ሥራዋን የሚንቅ ቆጥሮ ይሞክረው።

«ባለሙያ» ማለት አንድ የዩቱብ ቪዲዮ እስከ ግማሽ ያየ እንግዳ ነው።

«ሚኒስትር» ማለት የቤቱ ልጅ ነው፤ ጊምናዚዩም በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማራል፣ በአማርኛ ይሰማል፣ በጀርመንኛ ይመልሳል።

አንቀጽ 3። ስለ ምዝገባ

ጀርመን የገባ ሰው ቤት በያዘ በ2 ሳምንት ውስጥ ቡርገርአምት ቀርቦ አንሜልዱንግ (የነዋሪነት ምዝገባ) ካላደረገ፣ በአካል ቢኖርም በወረቀት እንደሌለ የዚህ ሳሎን ታዳሚ ሁሉ በገዛ እግሩ ተሰልፎ ተምሮታል። መለወጫዋም ተመዝጋቢ ናት። ስትሰካ መምጣቷን ታሳውቃለች፤ ላፕቶፑ ማንነቷን ይጠይቃታል፤ የአምራቿን ቁጥር፣ የራሷን ቁጥር፣ ስንት ሚሊአምፔር እንደምትፈልግና ሥራዋ ድምፅ መሆኑን ታስመዘግባለች፤ ከ1 እስከ 127 ካሉት አድራሻዎች አንዱ ይሰጣታል። ይህ ሳያልቅ ሙዚቃ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ስለዚህ «ላፕቶፑ አላወቃትም» የሚል አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ ስሟ በመዝገቡ ስለመኖሩ ይመልስ። መዝገቡ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር፣ በማክ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ይባላል፤ ሊኑክስ ያለው ሰው ሳይጠየቅ ስለሚናገር አንጠይቀውም። ስሟ በደንብ ከተጻፈ ጉዳዩ በአንቀጽ 6 ይታያል። ጨርሶ ከሌለ በአንቀጽ 4። «ያልታወቀ የዩኤስቢ መሣሪያ» ተብሎ ከተጻፈ ግን መስኮቱ ድረስ ቀርባለች፣ ወረቀቷ አልተነበበም ማለት ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የገመድ፣ የመሰኪያ ወይም የኃይል ችግር ስለሆነ ወደዚያው ወደ አንቀጽ 4 ትመለስ።

እነዚህን 3 ሁኔታዎች ሳይለይ ድራይቨር ሲያወርድ ያመሸ ባለሙያ ለመብቱ ጠበቃ አይቆምለትም።

አንቀጽ 4። ስለ ገመድ

መንግሥት በቅድሚያ የሚይዘው ገመዱን ነው። ዋስትና አይፈቀድለትም።

የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ በሆዱ 4 ሽቦ አለው፤ 2ቱ ኃይል ያመላልሳሉ፣ 2ቱ መረጃ። ከጢም መላጫ፣ ከእጅ ባትሪና ከርካሽ ማዳመጫ ጋር ተጠቅልለው የሚመጡ አንዳንድ ገመዶች ግን የመረጃዎቹ 2 ሽቦዎች ጭራሽ የሏቸውም። በእንዲህ ያለ ገመድ የተሰካች መለወጫ ኃይል ታገኛለች፣ መብራቷ ይበራል፣ ትሞቃለች፤ ስሟን የምትናገርበት አፍ ግን የላትም። ጋሼም መብራቷን አይተው «ትሠራለች እኮ! ላፕቶፑ ነው የተበላሸው» ይላሉ። መብራት በዚህ ችሎት ምስክር ሆኖ አይቀርብም።

ስለሆነም በእያንዳንዱ ቤት ያለው የገመድ መሳቢያ፣ ሁላችሁም አላችሁና አትካዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ በፍተሻ ሥር ውሏል። «አንድ ቀን ይፈለጋል» ተብሎ የተቀመጠ ገመድ ሁሉ ቀኑ ደርሷል። አፈታተሹ እንዲህ ነው፦ ስልክ በገመዱ ከላፕቶፕ ጋር ይያያዛል፣ ስልኩም ይከፈትና ለሚጠይቀው ፈቃድ ይሰጣል። በላፕቶፑ ላይ የስልኩ ፎቶዎች ከታዩ ገመዱ ታማኝ ነው፤ ስልኩ ኃይል ብቻ ከሞላ ገመዱ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለትና ወደ ቻርጀር ክፍል ይዛወራል። ቀይ ክሩን የሚፈታ፣ በተለይ ለክርስትና ስጦታ መጠቅለያ ፈልጌ ነው የሚል፣ ይቀጣል።

በሁለቱም ጫፉ ሞላላ (ዩኤስቢ-ሲ) የሆነው ገመድ የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንድ አምራቾች ሣንቲም ለመቆጠብ ሲሉ በመለወጫዋ ሞላላ መሰኪያ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸውን ባለ 5.1 ኪሎ ኦም 2 ሬዚስተሮች ይተዋሉ። ላፕቶፑ ከማዶ ማንም መኖሩን የሚያውቀው በእነሱ በመሆኑ ኃይል ሳይለቅ ዝም ይላል፤ መለወጫዋ መብራቷ እንኳን አይበራም። ያችው መለወጫ በአንድ ጫፉ አሮጌው አራት ማዕዘን በሆነ ገመድ ስትሰካ ግን ተነሥታ ትዘፍናለች። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ስልክና ማዳመጫ፣ ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ላፕቶፕ፣ ኃይል የሚሞሉት በሞላላው መሰኪያ እንዲሆን ደንግጓል። ሳሎኑ ለኅብረቱ ካለው አክብሮት ጋር፣ ቀዳዳው አንድ ሲሆን የገመዶቹ ሆድ አንድ አለመሆኑን በቅሬታ መዝገብ አስፍሯል።

አንቀጽ 5። ስለ ኃይልና ስለ ሀብ

የዩኤስቢ 2 መሰኪያ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ 900 ሚሊአምፔር ለመስጠት ተስማምቷል። በአንድ ርካሽ ሀብ (የመሰኪያ ማባዣ) ላይ ማውስ፣ ሃርድ ዲስክ፣ የቡና ማሞቂያ ሰሌዳና የእትዬን ስልክ ደርድሮ በመጨረሻ መለወጫ መሰካት የተከለከለ ነው። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ትሰካ። እምቢ ካለች በሌላው ጎን ባለው ቀዳዳ ትሰካ።

አንቀጽ 6። ተመዝግባ ዝም ስላለችው

ስሟ በመዝገብ እያለ ድምፅ የማይወጣ ከሆነ ላፕቶፑ አውቋታል፣ አልመረጣትም እንጂ። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ድምፁ በየት በኩል እንዲወጣ እንደታዘዘ ይታይ። በዛሬው ምሽት የሆነውን መንግሥት ለትምህርት ሲባል ይፋ ያደርጋል፦ ባለሙያዎች በገመዱ ምክንያት ያልተመዘገበችውን መለወጫ እየገለባበጡ ሳለ ጥላሁን በመኝታ ቤቱ የብሉቱዝ ስፒከር፣ አልጋው ላይ ለተከመሩት የእንግዶች ካፖርቶች ለረጅም ጊዜ ሲዘፍን ነበር። ካፖርቶቹ ቅሬታ አላቀረቡም።

ከ2022 ወዲህ በወጣው የማክ ሥርዓት አንዳንድ ላፕቶፖች አዲስ ነገር ሲሰካባቸው «ይግባ ወይ?» ብለው ባለቤቱን ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ሳያነብ «አይግባ» የሚለውን የተጫነ ሰው፣ በኋላ መጥቶ አምራቹን በዘረኝነት ቢከስስ አይደመጥም።

አንቀጽ 7። ስለ ድራይቨር

ድራይቨር ብዙ ይከሰሳል፣ በዚህ ዘመን ግን ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ጥቂቱን ጊዜ ነው። የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ 2ኛውን ትውልድ ማክና ሊኑክስ ከ2010 ገደማ ጀምረው ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይናገሩታል፤ ዊንዶውስ የተማረው በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ነው። ከዚያ የቆየ ዊንዶውስ ያለው ድራይቨሩን ከአምራቹ ከራሱ ያውርድ፤ «ሁሉን ድራይቨር በነጻ እናድሳለን» ከሚሉ ሰዎች ግን ቁልፉን እንኳን አይቀበል። አንዳንዷ መለወጫ ወደ 1ኛው ትውልድ የምትመለስበት ማብሪያ አላት፤ ያን ጊዜ ከ96 ኪሎ ኸርዝ በላይ አትወጣም። በሸክላ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ከ192 በታች አልሰማም የሚል እንግዳ ካለ ሽሮው ይቀነስበታል።

አንቀጽ 8። ስለ «አጥፍተህ አብራው»

ይህ ልማዳዊ ሕግ አልተሻረም፤ ስለሚሠራ። ነገር ግን በብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች «ሻት ዳውን» ማለት በፈጣን ማስነሻው ምክንያት ግማሽ እንቅልፍ በመሆኑ የታመመው ነገር ታምሞ ይነሣል። በእውነት የሚያጠፋው «ሪስታርት» ነው። ላፕቶፑ እስኪነሣ ድረስ ፖለቲካ መጀመር፣ መሰኪያ ውስጥ እፍ ማለት፣ ጠበል መርጨትና «በኛ ጊዜ ካሴት በእስክሪብቶ ነበር የምናጠነጥነው» ማለት በጥብቅ ተከልክሏል።

አንቀጽ 9። ስለ ፍርድና ስንብት

በታማኝ ገመድ፣ በ2 የተለያዩ ላፕቶፖች ላይ ስሟ ያልተጻፈ መለወጫ ሞታለች። በኢንተርኔት ከተገዛች እጃችን ከገባችበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይነገር ሐሳብን መለወጥ ይቻላል። ከሱቅ አዲስ ለተገዛችውም ሻጩ ለጉድለቷ 2 ዓመት ይጠየቃል፤ ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ለተገዛ ዕቃ በመጀመሪያው 1 ዓመት የታየ ጉድለት ሲሸጥ ጀምሮ የነበረ ነው ተብሎ ይገመታል። የጀርመን ሕግ ለዕቃ ገዢ ያደረገውን ይህንን ግምት ለቪዛ አመልካችም ቢያደርገው ምንኛ ጥሩ ነበር፤ ይህ ግን ከሳሎኑ ሥልጣን ውጭ ነው።

ሬሳዋ በአንድም ጎኑ ከ25 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ 400 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ያለው ሱቅ በነጻ የመቀበል ግዴታ አለበት። «እዚያ የሚያስነሣት አይጠፋም» ብሎ በሻንጣ ለአዲስ አበባ ዘመድ መላክ የተከለከለ ነው። ዘመዶቻችን የፍራንክፈርት ሬሳ በቅቷቸዋል።

አንቀጽ 10። ስለ ኃላፊነት

ሚኒስትሩ ገና ዶሮው ሳይቀርብ «አባዬ፣ ዳስ ካቤል» (ገመዱ ነው) ማለቱ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። መንግሥት በወቅቱ ሪፖርቱን ያልተቀበለው በጀርመንኛ በመቅረቡ እንጂ በሌላ ምክንያት አይደለም። ሚኒስትሩ ለከፈለው መሥዋዕትነት እስከ እኩለ ሌሊት ጌም እንዲጫወት ተፈቅዶለታል፤ እናቱ ውሳኔውን ወዲያውኑ ሽራለች።

አንቀጽ 11። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከሰኞ ጠዋት፣ ሱቅ ከሚከፈትበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። እሑድ የከተማው ሱቅ ዝግ ስለሆነ መካከሉ የሽግግር ዘመን ነው፤ በሽግግሩ ዘመን ሙዚቃ በላፕቶፑ በራሱ ስፒከር ይሰማል፣ ስለ ጥራቱ አስተያየት አይሰጥም። መታገሥ ያቃተው በዋናው ባቡር ጣቢያ እሑድም ክፍት ወደሆኑት ሱቆች ገመድ ሊገዛ በራሱ ወጪ መሄድ ይችላል፤ በሁለቱም ጫፍ ሞላላ የሆነውን ይዞ ከመጣ ግን ደረጃውን 4 ፎቅ በእግሩ ወርዶ ይመልሰዋል።