ቡሬ፣ በርበሬና የእንግሊዝ ክለብ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በጥር ወር እህቴ ቡሬ ሄጄ ዛላ በርበሬ እንድገዛላት ላከችኝ። ፍኖተ ሰላም በርበሬ ጠፍቶ አይደለም፤ የቡሬ ካልሆነ ወጤ አይቀላም ብላ ስለምታምን ነው። ገና መናኸሪያ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የወንድሜ ልጅ ነው። «አጎቴ» አለኝ በዚያ በሚጣፍጥ ኮልታፋ አማርኛው፣ «የእንግሊዝ ክለብ መደገፍ እፈልጋለሁ። የድሮ ይሁን፣ ታሪክ ያለው። አንተ ምረጥልኝ።»

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ኳስ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው ነው። እኛ አገር ማን ክለብ መርጦ ያውቃል? ታላቅ ወንድምህ አርሴናል ከሆነ አርሴናል ሆንህ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ያየኸውን ጨዋታ ማንቼ ካሸነፈ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክህ ማንቼ ነህ። ይህ ልጅ ግን የሚከተለው ታላቅ የለው፣ ሰኞ ጠዋት የሚያበሽቀው ጎረቤት የለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና ረጋ ብዬ ላስብበት ወሰንሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ወሬዬን ሰምተው ኖሮ «እንግሊዝን እኛ እናውቀዋለን» አሉኝ። የልብ ወለዱን የበዛብህን አገር ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ ያወሩልኝ ስለ 1933 ዓ.ም. ነበር፦ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን ከቡሬ እንዴት እንዳስለቀቀ፣ ጥቂት ሆነው ብዙ መስለው እንዴት እንዳስደነገጡት። «ስሙን ያወጡለት ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው። ጌዴዎን ስንት ሰው ይዞ ነበር? 300! ለልጁም ሰው ያልበዛበትን ምረጥለት» ብለው ወረዱ። ይህ ምክር ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ቡሬ ገበያ በርበሬውን አንድ በአንድ አየሁት። ዛላውን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ሳነቃንቀው ፍሬው ከውስጥ ተንኳኳ፤ ደርቋል ማለት ነው። ማዳበሪያ ሙሉ ገዝቼ፣ አፉን በሲባጎ አስሬ፣ ተሸክሜ ወጣሁ። ያን ጊዜ ወደ ፍኖተ ሰላም መመለስ ነበረብኝ። ግን ሰዓቱ 9 ተኩል ሊሆን ነው፣ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር ነው፤ ለልጁስ ከኳስ ቤት የተሻለ የት ይጠየቅለታል? ከፈልሁ፣ ገባሁ፣ ማዳበሪያውን አግዳሚው ሥር አስገባሁት።

ጥያቄዬን ሳቀርብ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። አንዱ አርሴናል 49 ጨዋታ ሳይሸነፍ እንደሄደ ነገረኝ፣ ሌላው የማንቼን 20 የሊግ ዋንጫ ቆጠረ፣ የሊቨርፑሉ ልጅ «እኛም 20 ሞልተናል፣ በዚያ ላይ 6 የአውሮፓ ዋንጫ አለን» አለ። ሁሉም እውነት ነው። ልጁ የጠየቀኝ ግን የድሮ ነውና ተነሥቼ ቆምሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1888 ሊጉን የመሠረቱት 12 ክለቦች መሆናቸውን፣ ከእነዚህ ሦስቱ አንዳቸውም እንዳልነበሩበት፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ ፕሬስተን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ እንደወሰደ ተናገርሁ። የአርሴናል ቀይ ማሊያ ራሱ ከኖቲንግሃም ፎረስት በስጦታ የመጣ ነው ስል ከግራ በኩል «ተቀመጥ!» ተባልሁ። አልተቀመጥሁም። «ከሊጉ ክለቦች ሁሉ የሚቀድመው በ1862 የተመሠረተው ኖትስ ካውንቲ ነው» አልሁ።

«ምን ካውንቲ?» አለ አንዱ። መልስ ሳልሰጠው ጎል ገባ።

ቤቱ በሙሉ ዘለለ። ስንት እግር ማዳበሪያዬ ላይ እንዳረፈ እግዜር ይወቀው፤ እኔ የሰማሁት የደረቀ ዛላ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው። መስኮቱ ለጨዋታው ተጋርዷል፣ በሩ ጠባብ ነው። ፊት ያሉት አስነጠሱ፣ ቀጥሎ መሐል ያሉት ያስሉ ጀመር፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን በማሊያው ሸፍኖ እየተጋፋ ወጣ። የጎሉን ድጋሚ ያየው ሰው የለም። እኔ በእንብርክኬ ከአግዳሚው ሥር ዛላ እለቅማለሁ፣ እነሱ በር ላይ እንባቸውን እየጠረጉ ያዩኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ደርሶብኝ አየሁት። አንድ ትንሽ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲያግዘኝ «ጋሼ ካውንቲ፣ ይቺም አለች» አለኝ። ስሙ ከእኔ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ገባ፤ አሁን ሰፈሩ የሚጠራኝ በእሱ ነው። እህቴ የተሰባበረውን በርበሬ በወንፊት ነፍታ ስታበቃ የተናገረችውን አልደግመውም።

ለልጁ ማታውኑ ደወልሁለት። የሆሊውድ ተዋናዮች የገዙትን ሬክስሃምን እያሰበ ነበር፤ ለእሱ ሰው ሞልቶለታል አልሁት። ኖትስ ካውንቲ በ1894 ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ሆኖ የኤፍኤ ዋንጫን ወስዷል። የጁቬንቱስ ጥቁርና ነጭ ማሊያ በ1903 የመጣው ከእሱ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ በ2019 ከሊጉ ወረደ፤ በ2023 በ107 ነጥብ ሁለተኛ ወጥቶ በመለያ ጨዋታ ተመለሰ። በዚያው በ2019 ቡሪ የሚባል፣ ሁለት ጊዜ የኤፍኤ ዋንጫ የበላ ክለብ በዕዳ ምክንያት ከሊጉ ተባሯል፤ እንዲህ ያሉ ክለቦች አንድ ደጋፊ ሲጨመርላቸው ያውቁታል። ልጁ እሺ አለኝ። እኔም አብሬው ገባሁ።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም ኳስ ቤቶች፣ አንድ ልመና አለኝ፦ በጥር የኤፍኤ ካፕ ሲመጣ ካውንቲ ከደረሰና ጨዋታው ከተላለፈ፣ ከስክሪኖቻችሁ አንዷን ልቀቁልን። መግቢያውን እጥፍ እንከፍላለን።