ተገጭተህ ካሳህን እንዴት ታጣለህ?

አረንጓዴ በርቶልህ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሩት 7 እና ሩት 50 በሚገናኙበት በሰቨን ኮርነርስ አካባቢ ቀጥ ብለህ እየነዳህ ነው እንበል። ከፊት ለፊትህ የሚመጣ መኪና ሳይጠብቅህ ወደ ግራ ይታጠፍና ይገጭሃል። በሕጉ ወደ ግራ የሚታጠፈው ሰው ቅድሚያ ሊሰጥህ ይገባ ነበር፤ ካሳው ይገባሃል። ይህን ካሳ ማጣት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ እነሆ። ብዙ ወገኖቻችን ሳይፈልጉ የሚሄዱበት መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ ጠይቅ። ከመኪናህ እንደወረድክ «ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔም ሳልፈጥን አልቀረሁም» በል። ያደግንበት ጨዋነት ነው፣ መልካምም ነው። ነገር ግን በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት 10 በመቶ ጥፋት ቢገኝብህ ከካሳህ 10 በመቶ ሲቀነስ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለአደጋው ምክንያት የሆነ 1 በመቶ ጥፋት ሙሉውን ያሳጣሃል። ሜሪላንድም እንዲሁ ነው፤ ዲሲም ለአሽከርካሪ ያው ነው። እውነቱን ደብቅ አልልህም። ፖሊስ ሲጠይቅህ ያየኸውን ተናገር። ያላጠፋኸውን ግን ሰው እንዳይከፋው ብለህ በራስህ ላይ አትመስክር።

አምቡላንስ ሲመጣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ መልሰው። በማግስቱ አንገትህ አልዞር ሲል ታይለኖል ውጠህ ሥራ ግባ። ሦስት ሳምንት ቆይተህ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ኢንሹራንሱ ሕመሙ ከሌላ ነገር የመጣ ነው ብሎ ለመከራከር በቂ ምክንያት አግኝቷል።

ቀጥሎ ስልክ አንሳ። የገጨህ ሰው ኢንሹራንስ አጀስተር (የካሳ ጥያቄውን የሚያጣራው ሠራተኛ) ብዙ ጊዜ ቶሎ ይደውላል፤ አነጋገሩም ደግ ነው። «ዛሬ እንዴት ነህ?» ሲልህ «ፋይን፣ ታንክ ጋድ» ትላለህ። ይህ ሁሉ እየተቀዳ ነው። «እስኪገጭህ ድረስ መኪናውን አላየኸውም፣ አይደል?» ሲልህ፣ ንግግሩ ፈጥኖብህ፣ መስማትህን ብቻ ለመግለጽ «የስ፣ የስ» በል። አስተርጓሚም አትጠይቅ። ያ መልስ ከወራት በኋላ በወረቀት ተገልብጦ ይመጣና፣ ፊት ለፊቱን አይቶ አልነዳም ተብሎ ያቺ 1 በመቶ ትፈለግበታለች። ይህን ሳስብ እቆጫለሁ። የተገጨው እሱ፣ የታመመው እሱ፣ በራሱ ላይ ምስክር የሆነውም እሱ። ለገጨህ ሰው ኢንሹራንስ የድምፅ ቃል የመስጠት ግዴታ የለብህም። በውልህ መሠረት የመተባበር ግዴታ ያለብህ ለራስህ ኢንሹራንስ ነው፤ ለእሱም አደጋውን ወዲያውኑ ማሳወቅ አለብህ።

የራስህን ፖሊሲ ገልጠህ አትይ፤ ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ ያለውን ብቻ ምረጥ። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ 500 ዶላር ለዲኤምቪ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ያ ቀርቷል፤ ያለ ኢንሹራንስ የሚነዳ ሰው ግን ዛሬም አይጠፋም። ኢንሹራንስ ያለውም ቢሆን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50,000 ዶላር ነው። አከርካሪህ ቀዶ ሕክምና ከፈለገ ይህ የትም አያደርስም። ያን ጊዜ የሚደርስልህ በራስህ ፖሊሲ ውስጥ ያለው «አንኢንሹርድ» እና «አንደርኢንሹርድ ሞተሪስት» የሚባለው ሽፋን ነው፤ ገጪው ኢንሹራንስ ከሌለው፣ ያለው ካልበቃ ወይም ገጭቶ ካመለጠ የሚከፍለው እሱ ነው። «ሜድፔይ» የሚባል አማራጭ ሽፋንም አለ። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ እስከ ገዛኸው መጠን ድረስ ሕክምናህን ይከፍላል። ወኪሉ ሜድፔይን ወይም ከዝቅተኛው ከፍ ያለ ሽፋን ሲያነሳብህ «አያስፈልገኝም» ብለህ ፈርም።

ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዳ ከሆነ አፑ ክፍት እንደነበር ደብቅ። የግል ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ ለክፍያ ሰው ስታመላልስ የደረሰውን አይሸፍንም። መደበቅህ ከታወቀ ደግሞ የማጭበርበር ጥያቄ ያስነሳብሃል። ለኩባንያው በጊዜው ብታሳውቅ ኖሮ የእሱ ኢንሹራንስ የሚገባበት ዕድል ነበር።

የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ አብሮት ያለውን ወረቀት ሳታስነብብ ፈርም። «ሪሊስ» (ተጨማሪ የመጠየቅ መብትህን የምትተውበት ስምምነት) ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ኤምአርአይ ምንም ቢያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ መጠየቅ አትችልም።

አጀስተሩ «ፋይልህን እያየነው ነው» እያለ ሲያቆይህም ታገስ። ጠበቃ ዘንድ አትሂድ፤ የመኪና አደጋ ጠበቆች አብዛኞቹ ከተገኘው ካሳ ላይ ድርሻቸውን እንጂ ቅድሚያ ገንዘብ እንደማይጠይቁም አታጣራ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለመኪናው ጉዳት 5 ዓመት አለህ፤ ለአካል ጉዳት ግን ክስ የሚመሠረተው ከአደጋው ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከአጀስተሩ ጋር መነጋገርህ ጊዜውን አያቆመውም። 2 ዓመቱ ካለፈ በኋላ ብትከስ፣ የገጨህ ሰው ጠበቃ ቀኑን ጠቅሶ ክሱ ውድቅ እንዲሆን ከመጠየቅ በቀር የሚደክምበት ነገር የለም።