ሙቀት ያነሰን ይመስል

የአዳማ ነጋዴ ቸር ነው። ጫማ ሊሸጥልህ ሱቅ ከፍቶ ሙዚቃውን በነፃ ይመርቅልሃል፤ ያውም ሳትለምነው። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል። በየሱቁ ደጃፍ በሰው ቁመት ልክ የተገተረ ሞንታርቦ አለ፤ ፊቱ ወደ አስፋልቱ፣ ጀርባው ወደ ዕቃው። አንዱ የኦሮምኛ ዘፈን ሲለቅ ጎረቤቱ በአማርኛ ይመልስለታል፤ ሦስተኛው «ቅናሽ! ቅናሽ! ግቡ! ግቡ!» የሚል የተቀዳ ድምፅ እያዞረ ሁለቱንም ያስታርቃል። ትእዛዙን አክብሮ የገባ ደንበኛ ዋጋ የሚጠይቀው በጣቱ ነው። ሻጩም በጣቱ ይመልስለታል። በዚህ መሃል ጭቅጭቅ የሚባል ነገር የለም። አዳማ በየሆቴሉ ስለ ሰላም ግንባታ ዐውደ ጥናት የምታስተናግድ ከተማ ናትና፣ ይህም ሳይቆጠርላት መቅረት የለበትም።

ቸርነቱ ግን በቁጥር ካልታገዘ አይደምቅም። ስፒከር ገዢ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ «ስንት ዋት ነው?» ሻጩ «አባቴ፣ ይሄ ሰፈር ነው የሚያስጨፍረው!» ብሎ ካርቶኑን ያዞርለታል። 5000 ዋት። ከቁጥሩ ሥር በደቃቅ ፊደል «ፒ ኤም ፒ ኦ» የምትል ነገር አለች፤ እሷን ማንበብ ግን የምቀኛ ሥራ ነው። ምቀኛ ያነበበ እንደሆነ፣ ይህ አምራቹ እንዳሻው የሚያሰላው የቅጽበት ቁጥር እንደሆነና ስፒከሩ ሳይቋረጥ የሚችለው ኃይል አር ኤም ኤስ በሚለው ተራ እንደሚጻፍ ይደርስበታል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ሲበላ ቆጣሪው ይከንፋል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ እናት «ሌላውን ንቀሉ!» ትላለች። 5000 ዋቱ ስፒከር ግን ከስልክ ቻርጀር እምብዛም በማይወፍር ገመድ ተሰክቶ አምፖሉን እንኳ አያርገበግበውም። በ220 ቮልት ቢሰላ ከ22 አምፔር በላይ መሳብ፣ ገመዱንም ማቅለጥ ነበረበት። አልቀለጠም፤ ይህን ተአምር ብለን እንለፈው። የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የነፋስ ማመንጫዎች አቅም ሲደመር 204 ሜጋዋት ነው። በካርቶኑ ቁጥር ከሄድን፣ ተርባይኖቹ ባለ በሌለ ኃይላቸው ቢሽከረከሩ የሚያዘፍኑት 40,800 ስፒከር ብቻ ነው። ለሻሸመኔ የሚተርፍ የለም።

ማንም የማይጠይቀው ቁጥር ሌላ ነው። ስፒከሩ አንድ ዋት ሲሰጠው፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያወጣል? ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ይኸው ነው። የቤት ስፒከር 88 ገደማ ያወጣል፤ ለአዳራሽ የተሠራ ደህና ስፒከር 98 ይደርሳል። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ማለት የአሥር እጥፍ ኃይል ልዩነት ነው፤ ባለ 98ቱ በ100 ዋት የሚለውን ለማለት ባለ 88ቱ 1000 ዋት ይፈጃል። ታዲያ አሥር እጥፍ ዋት የሸመተው ወገኔ የገዛው ምንድን ነው? ሙቀት። ባለ 88 ዴሲቤሉ ስፒከር ከሚጎርሰው 100 ዋት ውስጥ ድምፅ ሆኖ የሚወጣው ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ውስጡ የተጠመጠመውን ሽቦ፣ ኮይሉን፣ ሲያግል ይውላል። በሚያዝያ ቀትር ጥላ ለጥላ ለሚሄድ የአዳማ ሰው ማሞቂያ የሚያቆም በጎ አድራጊ ሌላ የት ይገኛል? ደግሞም በጎ አድራጊው አይሰለችም። ድምፁ ሲያንሰው ሁለተኛ አምፕሊፋየር ያመጣል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ትርፉ 3 ዴሲቤል ነው፤ ለሰዓታት የጮኸ ኮይል ደግሞ ሲግል ሽቦው ኤሌክትሪክ ማሳለፍ እየከበደው ያችኑ 3 ዴሲቤል መልሶ ይውጣታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ኮይል አይተው አያውቁም ነበር።

ባጃጅ ላይ ሳብዉፈር መጫን በሌላ አገር እብደት ይባል ይሆናል። ከአዳማ እስከ መቂና ባቱ ግን ሙያ ነው። ሳጥኗ ከተሳፋሪው ወገብ ጀርባ ትሸጎጣለች። ወፍራም ድምፅ ማውጣት አየር መግፋት ነው፤ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ሲወርድ፣ ጩኸቱ እንዳለ እንዲቆይ የስፒከሩ ኮን አራት እጥፍ መወዛወዝ አለበት። ሚጢጢዋ ሳጥን ይህን ከየት ታመጣዋለች? ስለዚህ ባለሙያው ወደ ሳብዉፈሩ የሚሄደውን ድምፅ የሚገድበውን ክሮስኦቨር እስከ ጥግ ያዞረዋል። 80 ኸርዝ አካባቢ ላይ አፉን መዝጋት የነበረበት ሳብዉፈር ዘፋኙን ራሱን መዝፈን ይጀምራል፤ ዘፋኙም አፍንጫው እንደተደፈነ ሰው ይሆናል። ቆርቆሮው ያጅበዋል። «ወራጅ አለ!» ያለች እናት ከሁለት ፌርማታ በኋላ ትወርዳለች። መመለሻ ሌላ ባጃጅ አለ፤ እሱም ሳብዉፈር አለው።

በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ከሙያነት ወደ ጥበብ ያድጋል። የሠርግ ድንኳን መንገድ ዘግቶ ይተከላል፣ ሳውንድ ሲስተም ከአንድ ሰው፣ ተጨማሪ ሳብዉፈር ደግሞ ከሌላ ሰው ይከራያል፤ የሁለቱን አቅምና ገመድ የሚያስተያይ ግን አይከራይም። የአንዱ ሳብዉፈር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ ከተሰካ፣ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙም እርስ በርሱ ተበላልቶ ይጠፋል። ዲጄው ምን ያድርግ? ይጨምራል። የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ሲበራ ለድግሱ የበራ ጌጥ ይመስለዋል፤ አምፕሊፋየሩ ግን «አቅሜ አለቀ» እያለው ነው። አቅሙ ያለቀ አምፕሊፋየር የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ሞገድ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ወልዶ ወደ ቀጭን ድምፅ አውጪው ትዊተር ይልካል፤ ትዊተሩም ኬኩ ሳይቆረስ ይቃጠላል። ከዚያ ዲጄው ጥራት እንደ ጎደለ ይገባዋል። ጆሮው ግን አይታማም። ትሬብል ይጨምራል፤ ለሟቹ።

ቤዙስ የት ሄደ ብትሉ፣ ጎረቤት ቤት ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ከስምንት ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ የድንኳን ሸራ ቀርቶ የብሎኬት አጥር ቁም አይለውም። ገመዱ በትክክል ቢሰካ እንኳ፣ ሳብዉፈሮቹ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ታዳሚ መሃል ካልተቀመጠ ድርሻው ይጎድልበታል። ከአጥር ወዲያ ያለችው አራስ ግን መጥሪያው በግድግዳዋ በኩል ይደርሳታል። ሽማግሌዎች የሙሽራዋን አባት «እንኳን ደስ አለዎት!» ሲሏቸው «ምን አላችሁ?» ይላሉ።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የአገሪቱ የድምፅ መስፈርትም ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፣ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55 ብሎ ደንግጓል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ለጭፈራ ቦታ ባወጣው መስፈርት ለታዳሚው ከአማካይ 100 ዴሲቤል በላይ አልፈቀደም። የኛው ባለ 1000 ዋት ስፒከር በአንድ ሜትር 118 ያወጣል፤ በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል እየቀነሰ 45 ላይ የሚደርሰው አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሄዶ ነው። ስለዚህ ሕጉ እንዲከበርለት የሚሻ ጎረቤት መፍትሔው በእጁ ነው፤ ትራሱን ይዞ ወደ ነፋስ ማመንጫዎቹ ኮረብታ ይውጣ።

ትራስ መሸከም የከበዳችሁና ዘንድሮ የምትድሩ ቤተሰቦች ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ከዋቱ አስቀድማችሁ ሴንሲቲቪቲውን ጠይቁ፤ ዋቱንም በአር ኤም ኤስ ይንገሯችሁ። ሳብዉፈሩ ስንት ኸርዝ ላይ እንደሚቆረጥና ገመዶቹ ወደ አንድ ወገን መሰካታቸውን ሠርጉ ሳይጀመር ያሳዩዋችሁ። ቀይ መብራት ሲበራ «አውርደው» በሉት። ቀሪ ክፍያው ያለው እናንተ ኪስ ነው።