ሽንኩርት ከረባት አይጠይቅም

የዘይት ቀለም ለራሱ ደስታ የሚነካካ ሰው ከዘመድ መደበቅ አለበት። እኔ አልተደበቅኩም። ወሬው እንደተሰማ ጉርድ ፎቶግራፍ ከየአቅጣጫው ጎረፈልኝ፤ ከመታወቂያ ላይ የተላጠ፣ ግማሽ ማኅተም ግንባሩ ላይ ያረፈበት ሳይቀር። «ይህችን አጉልተህ ሳልልኝ፤ ለአንተ ምን አላት!» ይሉኛል። ትእዛዙም አብሮ ይመጣል፦ ጠባሳው ይጥፋለት፣ ጸጉር ይጨመርለት፣ ከረባት ይታሰርለት። «አባባን ትንሽ ፈገግ አድርግልኝ፤ በሕይወት ሳለ እሺ ብሎን አያውቅም» ያለኝም አለ። በዚህ ዓይነት ሥዕል ከጨዋታነት ወጥቶ የዕድር ግዴታ ሆነብኝ።

ነገሩን የቋጩት የባለቤቴ አክስት፣ እትዬ ናቸው። ፎቶ አልላኩም፤ ራሳቸው መጥተው ተቀመጡ። የመስኮቱ ብርሃን አፍንጫቸው ላይ ሲያርፍ ስላማረኝ በጎን ሳልኳቸው። ጠጋ ብለው አዩና «ሁለተኛው ዓይኔስ?» አሉ። ላስረዳ ብል ማን ሰምቶኝ! እትዬ ዓይናቸውን የገለጡት በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። እዚያ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና የይሁዳ ወገን ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ ጸልዬ፣ አንተ በአንድ ከሰዓት ከይሁዳ ደመርከኝ!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሥዕሉ እኔው ዘንድ ቀረ። የቀለም ሣጥኑም አልጋ ሥር ገባና ዓመታት አለፉ።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ጃንጥላ ስፈልግ ሣጥኑን ጎተትኩት። ብሩሾቹ ደርቀው ቀርተዋል። ቱቦዎቹ ግን ክዳናቸው በጉጠት ሲከፈት አብዛኞቹ ቀለማቸው እንደለሰለሰ ነው። ምስጋናው ለአሜሪካዊው ሰዓሊ ለጆን ራንድ ይድረሰው፤ የቆርቆሮ ቱቦን በፈረንጆቹ 1841 የፈለሰፈው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሰዓሊ ቀለሙን ቋጥሮ የሚያስቀምጠው በአሳማ ፊኛ ነበር። የአሳማ ፊኛ አንጠልጥዬ እትዬ በሚመላለሱበት ቤት ስገባ ይታያችሁ!

አዲስ ሸራ ስላልነበረኝ የእትዬን ሥዕል አነሣሁና ከሰማያዊው ጨምቄ ትከሻቸው ላይ ለጠፍኩ። በዚህ ቀዳሚዬ ዊንስተን ቸርችል ነው። በፈረንጆቹ 1915 የዳርዳኔልስ ዘመቻ ተበላሽቶበት ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ ሲነሣ፣ በ40 ዓመቱ ቀለም ገዝቶ ሸራ ፊት ተቀመጠ። ያን ሁሉ መርከብ ያዘዘ ሰው ነጭ ጨርቅ ፈርቶ ባቄላ የምታክል ሰማያዊ ብቻ ጠብ እንዳደረገ ራሱ ጽፎታል። የሰዓሊው የላቬሪ ሚስት ድንገት ደርሳ፣ ትልቁን ብሩሽ ተቀብላ ሸራውን በሰማያዊ ስትገርፈው ነው ድፍረት ያገኘው። እኔን ያደፋፈረኝ የእትዬ ሥዕል ነው፤ ከዚህ በላይ ማንም ሊቆጣበት አይችልም።

ውጭው ደመና ስለነበር ግራጫ አማረኝ። ለግራጫ ጥቁር ቀለም አያስፈልግም፤ ሰማያዊና ቀላ ያለ ቡናማ ይበቃሉ። ሰማያዊው ሲያይል ዝናብ ያረገዘ ደመና፣ ቡናማው ሲያይል የቦይ ጎርፍ ይወጣል። ከሰዓቱን ሙሉ ደመና ስለውስ ዋልኩ። እጄ ላይ ቀለም፣ ጆሮዬ ላይ ቀለም፤ ማንም ምን አዞኝ! ሲመሽ ከእትዬ የቀረችው ያቺው አንድ ዓይን ብቻ ነበረች፤ እሷንም ደመና አለበስኳት። የዘይት ቀለም ዓመታት ሲቆጠሩ እየሳሳ የታቹን ሊያሳይ ይችላል ይባላል፤ ያኔ ከልጅ ልጆቼ ጋር ይነጋገሩበት።

ባለቤቴ በመጀመሪያ የአኳራጁን ሽታ አልወደደችውም። ቀለሙ የሚለወሰው በተልባ ዘይት መሆኑን ስነግራት ደግሞ «ተልባ በጾም ይጠጣል እንጂ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?» አለች። እኔም ማስተማር ጀመርኩ፦ የተልባ ዘይት እንደ ውሃ አይተንም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ይጠጥራል፤ ሲጠጥርም ይሞቃል፤ ስለዚህ የነከረው ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ቢጣል ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ትምህርቱ እዚህ ላይ ተቋረጠ። በዚያው ማታ እኔም፣ ቀለሜም፣ ጨርቄም ከሳሎን ወደ በረንዳ ተሰደድን።

በረንዳው ተስማምቶኛል። አሁን የምስለው ቀይ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ከረባት እሰርልኝ አይልም፤ በጎን ቢሳልም አያኮርፍም። ደግሞ ቀይ የምንለው በስም ነው እንጂ ወይን ጠጁ፣ ሮዙ፣ ሥሩ አካባቢ ያለው የገለባ ቀለም፣ ልጣጩ ላይ የሚብረቀረቀው መዳብ፣ ስንቱን! ችግሩ ሞዴሌ ወጥ ቤትም ይፈለጋል። ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ሸራዬ ላይ ጥላው ቀርቶ፣ ባለ ጥላው ድስት ውስጥ ሲቁላላ አግኝቼዋለሁ። እንግዲህ የቀረውን በጠረኑ እያስታወስኩ ጨረስኩት።

ለእንቁጣጣሽ አውራ ዶሮ ለመሳል አስቤያለሁ። አናቱ ላይ ላለው ቀይ ብዬ አንድ ቱቦ ሳልከፍት አስቀምጫለሁ። ሐሳቤን ለባለቤቴ ሳዋያት በጥሞና አዳመጠችኝ።

«ለመሆኑ ሥዕሉ በስንት ቀን ያልቃል?»

«እየደረቀ፣ እየተደረበ… በዚህ ዝናብ ሁለት ሳምንት ቢያንስ ነው።»

«ዶሮው የሚገባው በዋዜማው ነው» አለች። «ከእግሩ ጀምር፤ አንገቱ ይቸኩላል።»